አንዴ ብቻ ለመምታት ሙሉ ሲምፎኒ የጠበቀው ልጅ

የሲዬና_ሹፌር (ፊላደልፊያ) – እሁድ፣ ከሌሊቱ 5፡40

ሰላም ቤተሰብ። እዚህ መድረክ ላይ ከታክስና ከመኪና ኢንሹራንስ ውጭ ጠይቄ አላውቅም። ዛሬ ግን ስለ ሙዚቃ ነው። ሙዚቃ የተማራችሁ ልጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ አትሳቁብኝ።

የምነዳው መሀል ከተማ ነው። ሪተንሃውስ አደባባይ ጥግ ላይ ከርቲስ የሚባል የሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ። በሩን ሺህ ጊዜ አልፌዋለሁ። የድሮ ባለጸጋ መኖሪያ ነበር የሚመስለኝ። ከወር በፊት ገደማ ከሎከስት ጎዳና ጥሪ ገባልኝ። ስደርስ አንድ ቀጫጫ ልጅ ቆሟል። አጠገቡ ከሱ የሚረዝም ጥቁር ሻንጣ ተገትሯል። እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ ሬሳ መስሎኝ ደንግጫለሁ። ኮንትራባስ ነው አለኝ፣ በቀስት የሚጫወቱት ትልቁ ባለአውታር መሣሪያ። ሁለት ሹፌር አይቶት ሳይቆም ሄዷል።

የሲዬና መኪናዬን የኋላ ወንበር አጠፍኩለትና ሰተት አድርገን አስገባነው። አንገቱ በሁለታችን መሀል አልፎ ሬዲዮኑ ጋ ደረሰ። መብራት ላይ ፍሬን ስይዝ ልጁ ክንዱን ዘርግቶ ይደግፈዋል። እናት ፊት ወንበር ላይ ያለ ልጇን እንደምትይዘው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ዕቃውን ይዞ የሚሄድበት ሲኖር ለኔ ነው የሚደውለው። 19 ዓመቱ ነው። ለትምህርቱ አምስት ሳንቲም አልከፍልም ሲለኝ አላመንኩትም። እኔ ለልጄ ኮሌጅ የምገፈግፈውን እኔ ነኝ የማውቀው።

ባለፈው ሳምንት ትኬት ሰጠኝ። የተማሪዎቹ ኦርኬስትራ ብሮድ ጎዳና ያለው ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ይጫወታል። ባለቤቴ “አንተና ሲምፎኒ!” ብላ ሳቀችብኝ። ሱፌን ለብሼ ሄድኩ። መጨረሻ የለበስኩት ለሠርግ ነበር።

አሁን ጥያቄዬ። መሀል ላይ ቀስ ያለ ክፍል መጣ። አንድ ረጅም የሚነፋ ነገር፣ ጫፉ እንደ ሽንኩርት እብጥ ያለ፣ ብቻውን ዜማ ጀመረ። ወገኖቼ፣ ትዝታ ነው! እንደ ትዝታ ነው የሰማሁት። ዕንባዬ መጣ። ጎኔ ያሉት ፈረንጅ ሴትዮ ሶፍት ሰጡኝ። ክፍሉ ሲያልቅ ደግሞ ሁሉም ዝም ዝም እያለ ሄዶ መጨረሻ ላይ የቀሩት ኮንትራባሶቹ ብቻ ናቸው። የኔ ልጅ እዚያ ውስጥ አለ። ትንፋሼን ዋጥኩ።

ሁለተኛው። ከኋላ አንድ ልጅ ሁለት የነሐስ ሰሃን የመሰለ ነገር፣ ሲምባል የሚሉትን፣ ጎኑ አስቀምጦ ተቀምጧል። ጠበቅኩ። ጠበቅኩ። መጨረሻው ክፍል ላይ ተነሳና አንዴ ነካ አደረገው፤ ተመልሶ ቁጭ። በቃ። እኔ ጓ! ይላል ብዬ ስጠብቅ “ጭሽ” ነው ያለው። ይኼ ልጅ ለዚህች አንዲት ነገር ነው ትምህርት ቤት የገባው? ምን እየተማረ ነው? በንቀት አይደለም፣ ልቤ አልተቀመጠም።

ደላላው_ነኝ – እሁድ፣ ከሌሊቱ 5፡52

ጋሼ፣ አንዴ ጭሽ አድርጎ መቀመጥ ከሆነ ሥራው፣ ክፍት ቦታ ካለ ሲቪዬን ልላክ። ኮሚሽን አልፈልግም።

አዲስ_ክላርኔት (አዲስ አበባ) – ሰኞ፣ ጠዋት 1፡15

ጋሼ፣ ጆሮዎ አልዋሸም። የሰሙት የድቮርዣክ 9ኛ ሲምፎኒ ነው፣ “ከአዲሱ ዓለም” የሚሉት። የቼክ ሰው ነው፤ አሜሪካ ሳለ ጽፎት በፈረንጆቹ 1893 ኒውዮርክ ውስጥ መጀመሪያ ተሰማ። ያቺ ጫፏ ሽንኩርት የመሰለችው ኮር አንግሌ ትባላለች። ኦቦ የምትባለው የእንጨት መሣሪያ ታላቅ እህት በሏት፤ ሁለቱም የሚነፉ ናቸው።

ትዝታ ያሉት ነገር ደግሞ በአጋጣሚ አይደለም። የዚያ ዜማ መነሻ አምስት ድምፅ ነው የሚጠቀመው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ፋ የለም፣ ሲ የለም። የኛ ትዝታ ሜጀርም እነዚሁ አምስት ናቸው። ክራር ይዘው ትዝታ ሜጀር ቢቃኙ የዜማውን መጀመሪያ ጣትዎ ራሱ ያገኘዋል። እኔ ሞክሬዋለሁ። ታናሽ ወንድሜ “ይህን ዘፈን የት ነው የማውቀው?” አለኝ።

ግን ነገሩን አላስውበው። ድምፁ አንድ ይሁን እንጂ አካሄዱ ሌላ ነው። የኛ ዘፋኝ በትዝታ ላይ ድምፁን ያርገበግባል፣ ይጎትታል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ያንሸራትታል። ድቮርዣክ ከሥሩ ሌሎች ድምፆች ደርቦ እንደ ምንጣፍ ያነጥፍለታል። ትዝታን ጽፏል አይባልም፤ ከኛ ዜማ ጋርም የተገናኘ አይመስለኝም። አምስት ድምፅ ያላቸው ቅኝቶች በብዙ ዓለም አሉ። ሀገሩን የናፈቀ ሰው የጻፈው መሆኑ ግን ይሰማል፣ እሱ ላይ አልከራከርም።

የኮንትራባሱ ነገር። የዚያ ክፍል የመጨረሻው ድምፅ የነሱ ብቻ ነው፣ አራት ቦታ ተከፍለው፣ በጣም በቀስታ። ኮንትራባስ ብዙ ጊዜ ከሥር ሆኖ ተሸክሞ የሚኖር ነው። እዚያ ቦታ ላይ ግን ቤቱ ሁሉ የሚሰማው እሱን ነው፤ አንዱ ቀስቱ ቢንቀጠቀጥ ያልቅለታል። ልጅዎን ሲያገኙት እጁ ቀዝቅዞ እንደነበር ይጠይቁት።

ስለ ሲምባሉ ደግሞ አልተሳሳቱም። በዚያ ሲምፎኒ ሲምባል አንዴ ብቻ ነው የሚመታ፣ አራተኛው ክፍል ላይ፣ ያውም ጮክ ሳይል። ቱባ፣ ትልቁን የነሐስ መሣሪያ፣ የሚነፋው ደግሞ በዚያው ቀስ ባለው ክፍል ብቻ ነው፤ ጥቂት ድምፅ ነፍቶ ሌላውን ሁሉ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል።

ቫዮላዋ (ኢየሩሳሌም) – ሰኞ፣ ጠዋት 3፡30

ጋሼ፣ “ምን እየተማረ ነው?” ላሉት እኔ ልመልስ። መጠበቅ ነው የሚማረው። እየቀለድኩ አይደለም።

እዚህ እስራኤል ነው ያደግሁት፤ ቫዮላ፣ ከቫዮሊን ትንሽ ተለቅ የምትለውን፣ የተማርኩት አካዳሚ ውስጥ ነው። ስሙን ተዉት። ብቻዬን ስለማመድ አንበሳ ነበርኩ። መጀመሪያ የኦርኬስትራ ልምምድ ላይ መጨረሻው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ከፋኝ። ቤት ሄጄ ለእናቴ “ከበሩ ጎን ነው ያስቀመጡኝ” ብዬ አለቀስኩ። ከቆዳዬ ጋር አያይዤው ነበር፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። ግን ቀጥሎ የሆነውን ልንገራችሁ።

ኖታው ላይ 23 የሚል ቁጥር አለ፣ ከሥሩ ወፍራም መስመር። 23 ባር ዝም በይ ማለት ነው፤ አንዱ ባር እዚያ አራት ምት ነው። ቆጠርኩ። አንድ ሁለት ሦስት አራት፣ ሁለት ሁለት ሦስት አራት፣ ሦስት ሁለት... መሀል ላይ ቀንደ መለከቶቹ ደስ የሚል ነገር ነፉና እሱን ስሰማ ቁጥሩ ጠፋኝ። 22 ይሁን 23 አላወቅኩም። ደፍሬ ገባሁ። ብቻዬን። 80 ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ የኔ ቫዮላ ብቻ “ግርርር” አለች። መሪው አላቆመም፣ አልተቆጣም፤ ቅንድቡን ብቻ አነሳ። ያቺን ቅንድብ እስክሞት አልረሳትም።

ያን ቀን ጎኔ የተቀመጠው ልጅ አንድ ነገር ነገረኝ። “አትቁጠሪ፣ ስሚ። ኦቦው ሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ ያንቺ ነው።” ከዚያ ወዲህ የሌላውን ክፍል በቃሌ ማወቅ ጀመርኩ። ለ23 ባር ዝም ብዬ ነበር የምላችሁ ውሸት ነው። ውስጤ ኦቦ እየነፋሁ፣ ቀንድ እየነፋሁ ነው የምጠብቀው። የሲምባሉ ልጅም እንዲያ ነው፣ ይመኑኝ። ሙሉውን ሲምፎኒ ውስጡ ተጫውቶታል። እርስዎ የሰሙት ያቺን “ጭሽ” ብቻ ነው።

የሲዬና_ሹፌር – ሰኞ፣ ቀን 7፡05

ልጄ፣ ስለ ወንበሩ የጻፍሽው ልቤን ነካኝ። ስለ ቆጠራው ስታወሪ ግን ቅዳሴ ትዝ አለኝ። ልጅ ሆነን ድቁና ስንማር፣ ተሰጥኦ የምንመልስበትን እየጠበቅን እንዲሁ ነበር። ቀድሞ የገባ ልጅ የየኔታን ዓይን ያገኛታል። ቅንድብ አይደለም፣ አለንጋ ነበር።

ሲልቨር_ስፕሪንጓ_እናት – ሰኞ፣ ማታ 1፡20

ይቅርታ፣ ክሩን ላጣምመው ነው። ልጄ 13 ዓመቷ ነው፣ ቼሎ ትጫወታለች። ቅዳሜ ቅዳሜ የወጣቶች ኦርኬስትራ ትሄዳለች። የግል አስተማሪዋ “ጊዜ ማባከን ነው፣ ለፈተና የሚጠቅማት ብቻዋን የምትጫወተው ነው፣ አስወጪያት” ይለኛል። ሙዚቃ አካዳሚ ልግባ እያለች ነው፤ አባቷ ነርሲንግ ይላል፣ እሱን ለጊዜው እንተወው። ላስወጣት? ቫዮላዋ፣ አንቺ ምን ትያለሽ እህቴ?

ቫዮላዋ – ሰኞ፣ ማታ 2፡10

እህቴ፣ እንዳታስወጫት። መግቢያ ፈተና ላይ ብቻዋን ትጫወታለች፣ እውነት ነው። ከገባች በኋላ ግን ሳምንቷ በኦርኬስትራ የተሞላ ነው። አብዛኛው አካዳሚ ለአውታር ተማሪ ግዴታ ያደርገዋል። ያልለመደች ልጅ እዚያ ስትደርስ ትደናገራለች።

ደግሞ የማይወራ ነገር አለ። ቀስት። 16 ቫዮሊን ካለ 16ቱም ቀስት እኩል ይወጣል፣ እኩል ይወርዳል። የቀስቱን አካሄድ የሚወስነው ፊት ያለው ነው፤ ሌላው በእርሳስ ኖታው ላይ ይገለብጣል። ሁለት ልጅ አንድ ኖታ ማቆሚያ ይጋራል፤ ገጹን የሚገልጠው በውስጥ በኩል የተቀመጠው ነው። እሱ ሲገልጥ ሌላው ይጫወታል። ይህን ሁሉ ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምርም። በመኖር ነው። ልጅሽ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትማረው ይህን ነው።

አዲስ_ክላርኔት – ሰኞ፣ ማታ 2፡45

እኔ ግን ትንሽ አልስማማም። የቼሎ አስተማሪው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ኦርኬስትራ ውስጥ ቼሎ አሥር ሆነው ሲጫወቱ የራስሽን ድምፅ አትሰሚም። ልጅ መጥፎ ልማድ ትይዛለች፤ ከባዱን ቦታ ትዘላለች፣ ሌሎቹ ይሸፍኗታል። ይህን አይቻለሁ፣ ራሴም አድርጌያለሁ። ክላርኔት ግን መደበቂያ የለውም። የሚነፉት መሣሪያዎች ለያንዳንዱ መስመር አንድ ሰው ነው። ተሳሳትክ ማለት ሁሉም ሰማህ ማለት ነው። የአውታር ልጆች ግን በብዛታቸው ይደበቃሉ፣ ቫዮላዋ እንዳትቀየሚኝ።

ስለዚህ አታስወጫት፣ ግን ቤት ስትለማመድ የኦርኬስትራውን ኖታ ብቻዋን ስትጫወት ስሚያት። ከተንተባተበች አርብ ማታ አልተለማመደችም ማለት ነው።

ቫዮላዋ – ሰኞ፣ ማታ 2፡51

ተቀይሜያለሁ። ግን ልክ ነህ።

ደላላው_ነኝ – ሰኞ፣ ማታ 2፡55

ነርሲንግ ይሻላል የሚለው አባት ላይ ድምፅ እንስጥ ወይ?

ሲልቨር_ስፕሪንጓ_እናት – ሰኞ፣ ማታ 2፡58

አንተ ልጅ!

ታሪክ_ወዳድ – ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡00

ዘግይቼ ገባሁ፣ ይቅርታ። ለጋሼ ሹፌሩ ጥቂት ነገር ልጨምር።

የባለጸጋ መኖሪያ ያሉት እውነትም መኖሪያ ነበር። ድሬክሰል የሚባል የባንክ ቤተሰብ ቤት ነው። ትምህርት ቤቱን በፈረንጆቹ 1924 ያቋቋመችው ሜሪ ሉዊዝ ከርቲስ ቦክ ናት። አባቷ የመጽሔት አሳታሚ ነበር። ልጅዎ አልከፍልም ማለቱም ትክክል ነው፤ ከ1928 ጀምሮ የገባ ሁሉ የትምህርት ክፍያ የለበትም። ደስ የሚለው ደግሞ ስንት ሰው እንደሚቀበሉ ነው። ጠቅላላ ተማሪው 160 ገደማ ነው። ኦርኬስትራውን የሚሞላ ያህል፣ ከዚያ ጥቂት ዘፋኝ፣ ፒያኖ ተጫዋች፣ ዜማ ደራሲ። የኮንትራባስ ቦታ ሲለቀቅ ነው ኮንትራባስ የሚገባው። የዕቁብ ወንበር በሉት። እና ጋሼ፣ ያ የእርስዎ ልጅ ተሳፋሪ ብቻ አይደለም። ያን ቦታ ለማግኘት ስንቱን እንዳለፈ አስቡት።

አሁን ግጥምጥሞሹን ስሙ። እነሱ ትምህርት ቤቱን በከፈቱበት በ1924፣ በኛም ሀገር አንድ ነገር ሆነ። ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም ሄደው የሙዚቃ ጓድ አዩ፤ ከእልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች። 40ዎቹን አዲስ አበባ አመጧቸው። አርባ ልጆች የምንላቸው እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን “ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ” የሚለውን መዝሙር ዜማ የሠራ ነው። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ኋላ የኛን ዘመናዊ ሙዚቃ ከቀረፁት አንዱ ሆነ። እነዚያም ተማሪ ልጆች ነበሩ፤ የሚነፋ መሣሪያ የያዙ።

ሸገር_ልጅ – ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡40

ሁሉም ጥሩ ነው ግን ጥያቄ አለኝ። የነሱ ሲምፎኒ ለኛ ምናችን ነው? እኛ የቅዱስ ያሬድ ልጆች ነን። ማሲንቆ እያለን ለቼሎ ማልቀስ ትንሽ አይበዛም? ጋሼ እንዳይቀየሙ።

የሲዬና_ሹፌር – ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡20

አልቀየምም የኔ ልጅ። እኔም ስሄድ እንዲሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። ግን ዕንባዬን አላዘዝኩትም።

አዲስ_ክላርኔት – ማክሰኞ፣ ቀን 6፡30

ሸገር፣ ይህን ጥያቄ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ በየዓመቱ እንሰማዋለን። እዚያ እኮ ክራርና ማሲንቆ፣ ዋሽንትና በገና ከፒያኖና ከቫዮሊን ጎን ነው የሚሰጡት። ከአንዱ ክፍል ክሮማቲክ ስኬል፣ ከሌላው አንቺ ሆዬ ትሰማለህ፤ ኮሪደሩ ላይ ሁለቱ ይጋጫሉ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ አሜሪካ፣ ሮቼስተር፣ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ የተመለሰ ሰው ነው። ተመልሶ የሠራው “እረኛው ባለዋሽንት” ለፍሉትና ለኦርኬስትራ ነው። የፈረንጅ ፍሉት የኛን እረኛ ዋሽንት ሆኖ ይነፋል፣ ኦርኬስትራው ተራራውን ይሆናል። የኛ ምናችን ነው ላልከው፣ ለኔ ይህ ነው መልሱ። እቃው ከየትም ይምጣ፣ የምትቀዳበት አንተ ነህ።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ሙሉ ኦርኬስትራ ውድ ነገር ነው። ስለ ራሴ ላውራ። የክላርኔት ምላስ፣ ሪድ የምንለው፣ ከሸምበቆ የተሠራች ስስ ነገር ናት። ውጭ ያሉ ተማሪዎች ሳጥን ሙሉ ገዝተው ጥሩዋን መርጠው ሌላውን ይጥላሉ። እኔ አንዷን ለወራት ነፍቻለሁ። ጠርዟ ሲሸራረፍ በጥፍር መቁረጫ አስተካክላታለሁ። ውጭ ሀገር የሚሄድ ሰው ስናገኝ ከጫማና ከስልክ በፊት “ሪድ አምጣልኝ” ነው የምንለው። ኦቦና ባሱን ደግሞ ከመሣሪያው ዋጋ ተነስቶ ሌላ ታሪክ ነው። ስለዚህ በእጅ ባለው ሰው ነው የሚሠራው። የጎደለውን መስመር ክላርኔት ይነፋለታል፣ የኮር አንግሌውን ሶሎ እኔ በክላርኔት ነፍቼዋለሁ። ኖታውን ወደ ክላርኔት አዙሬ የጻፍኩት በእጄ ነው፣ በደብተር ወረቀት።

ታሪክ_ወዳድ – ማክሰኞ፣ ማታ 1፡10

ሸገር ላነሳው ጥያቄ አንድ ታሪክ አለኝ። ድቮርዣክ ኒውዮርክ የመጣው የሙዚቃ ኮንሰርቫቶሪ ዳይሬክተር ሆኖ ነው። እዚያ ሃሪ በርሊ የሚባል ጥቁር ተማሪ አገኘ። በርሊ በባርነት ከኖሩት አያቱ የተማረውን መንፈሳዊ መዝሙር ይዘፍንለት ነበር። ድቮርዣክ ደጋግሞ ያዘፍነዋል። ይኸው በርሊ ድቮርዣክ በሚመራው የተማሪዎች ኦርኬስትራ ውስጥ ምን ይጫወት ነበር መሰላችሁ? ኮንትራባስ። ኋላ ቲምፓኒም፣ የኦርኬስትራውን ትልልቅ ከበሮ፣ መትቷል። የመምህሩን ኖታም ይገለብጥለት ነበር። ድቮርዣክ የአሜሪካ ሙዚቃ በነዚህ ዜማዎች ላይ መቆም አለበት ብሎ በጋዜጣ ተናገረ፤ በ1893 ይህን ማለት ቀላል አልነበረም። እና የነሱ ሲምፎኒ የምንለው ከኋላው የጥቁር ተማሪ ድምፅ አለበት።

ጋሼ፣ የተቀመጡበት አዳራሽም ከፈረንጆቹ 2024 ጀምሮ በማሪያን አንደርሰን ስም ነው የሚጠራው። የፊላደልፊያ ልጅ ናት፣ ጥቁር ዘፋኝ። በወጣትነቷ እዚያው ከተማ አንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በቆዳዋ ምክንያት ሳይሰሟት መልሰዋታል።

ቫዮላዋ – ማክሰኞ፣ ማታ 1፡35

ይህን አላውቅም ነበር። ኮንትራባስ። ጋሼ፣ ይህን ለልጁ ይንገሩት።

ሲልቨር_ስፕሪንጓ_እናት – ማክሰኞ፣ ማታ 2፡00

ልጄ አጠገቤ ሆና እያነበብን ነው። ከናንተ ጽሑፍ ግማሹን እየተረጎምኩላት። “ተማሪ ኦርኬስትራ የሌላ ሰው ሙዚቃ መለማመጃ ብቻ ነው ወይ?” አለች። ምን ልበላት?

አዲስ_ክላርኔት – ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40

አይደለም በያት። የጋሼ ትምህርት ቤት ራሱ ጥሩ ምሳሌ አለው። ሳሙኤል ባርበር የሚባለው የዜማ ደራሲ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ነው፣ በ14 ዓመቱ ነው የገባው። ካደገ በኋላ የቫዮሊን ኮንቸርቶ፣ ማለትም ለአንድ ቫዮሊንና ለኦርኬስትራ የሚሆን ሙዚቃ፣ ሲጽፍ የመጨረሻው ክፍል ላይ ጭቅጭቅ ተነሳ። በጣም ፈጣን ነው፤ በዚያ ፍጥነት ይቻላል ወይስ አይቻልም? በ1939 መኸር ላይ ኸርበርት ባውሜል የሚባል ተማሪ ጠሩና በእርሳስ የተጻፈውን፣ ገና ያላለቀውን ኖታ ሰጡት። ሁለት ሰዓት አለህ አሉት። ልጁ ተለማምዶ ተመልሶ መጣና ተጫወተው። ተቻለ። ኋላም ኮንቸርቶውን ከተማሪዎቹ ኦርኬስትራ ጋር ሞከሩት፣ መሪው ፍሪትዝ ራይነር ነበር። ለሕዝብ በይፋ የቀረበው በ1941 ነው። ማለትም ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጫወተውን ሙዚቃ ቀድመው የሰሙት ተማሪዎች ናቸው።

ደላላው_ነኝ – ማክሰኞ፣ ማታ 2፡44

ሁለት ሰዓት? እኔ መንጃ ፈቃድ ሦስቴ ወድቄያለሁ።

ሸገር_ልጅ – ማክሰኞ፣ ማታ 3፡15

እሺ፣ ተሸንፌያለሁ አልልም፣ ግን ያንን ቀስ ያለ ክፍል አሁን በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። ትዝታ ነው ማለት ይከብዳል። ግን መጨረሻ አካባቢ ዜማው እየተቆራረጠ፣ እየቆመ የሚሄድባት ቦታ አለች። እዚያ ጋ መልሼ መልሼ ሰማሁት። ለምንድን ነው የሚቆራረጠው?

ቫዮላዋ – ማክሰኞ፣ ማታ 3፡30

እዚያ ጋ ኦርኬስትራው በሙሉ አይጫወትም። ጥቂት አውታር ብቻ ይቀራል፣ ድምፃቸውን በሚያፍን ነገር ታፍነው። ዜማው ይጀምራል፣ ይቆማል። ይጀምራል፣ ይቆማል። ዝምታውም ኖታው ላይ ተጽፏል። እዚያ ዝምታ ላይ ነው ተማሪ ሁሉ የሚወድቀው። አንድ ሰው ቀስቱን ቢያንቀሳቅስ፣ ወንበሩ ቢንቋቋ ያልቃል። እኛ ስንለማመድ መሪው ያቺን ቦታ ሃያ ጊዜ አስደጋግሞናል። ድምፅ ሳይሆን ዝምታ እየተለማመድን ነው የዋልነው። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ስለያዘ አንዷ ፍሉት ተጫዋች ስቃ አበላሸችው፣ ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፣ መሪው ብቻ አልሳቀም።

አወያይ – ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡10

ክሩን “ከሥራና ኢንሹራንስ” ክፍል ወደ “ሙዚቃና ባህል” አዛውሬዋለሁ። ጋሼ፣ ቀጥሎ ሲጽፉ እዚያ ይፈልጉት።

የሲዬና_ሹፌር – ሐሙስ፣ ከሌሊቱ 6፡15

ጤና ይስጥልኝ። ልጁን ዛሬ አገኘሁት። ኮንትራባሱን አስገባን፣ አንገቱ ሬዲዮኑ ጋ ደረሰ፣ እንደ ወትሮው። ያላችሁኝን ሁሉ ጠየቅኩት።

መጀመሪያ ስለ እጁ። አዎ ቀዝቅዞ ነበር። ያቺ የመጨረሻ ድምፅ ከመምጣቷ በፊት ግራ እጁን ሱሪው ላይ ሲጠርግ ነበር አለኝ። በርሊ ኮንትራባስ ይጫወት እንደነበር ነገርኩት። ዝም አለ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ስሙን እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀኝ፤ እኔ ደግሞ ከዚህ ክር ላይ እያየሁ በፊደል አስቆጠርኩት።

ስለ ሲምባሉ ልጅ ስጠይቀው ሳቀ። ጎረቤቱ ነው፣ አንድ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ለዚያች አንዲት “ጭሽ” የተለያየ ጥንድ ሲምባል እያነሳ አራት ዓይነት ሞክሮ ነው አለኝ። ቀጭኑ ቶሎ ይጠፋል፣ ወፍራሙ ይጮሃል፣ አንዱ ደግሞ ደወል ይመስላል። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ጓደኛውን ከኋላ ወንበር አስቀምጦ “ይህስ?” “ይህስ?” ሲለው ነበር። ጓደኛው ማነው ስለው፣ “እኔ ነኛ” አለኝ።

ሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ልምምድ አለው። የኋላውን ወንበር እንዳጠፍኩት ትቼዋለሁ። ባለቤቴ የገበያ ዕቃ የት ላስቀምጥ ብላ ትቆጣለች፤ እሷን ደግሞ እናንተ አናግሩልኝ።